ቦርከና ሲሞላ

ዓፊያ ከቦርከና ድልድይ ሥር የገጠመችው ሴንሰር የወንዙን ከፍታ እየለካ ወደ ስልኳ ይልክላታል። ሴንሰሩን ለምታሠራው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ኮዱን የጻፈችውም እሷው ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ በድንገት አሻቀበ። እሷ ባለችበት ከሚሴ ላይ ግን ሰማዩ ጥርት ብሏል። ደጋው ላይ ዘንቦ ይሆን? ወይስ እንደ ባለፈው ሳምንት ኮዱ ተሳስቶ ሰዉን በከንቱ ልታስሮጥ ነው? ጨፋ ሜዳ ላይ ከብት ለሚጠብቁት አጎቷ ለአደም ደወለች።

«አጎቴ፣ ከብቶቹን ይዘው ወደ ዳገቱ ይውጡ!»

«ደግሞ እንደዚያን ቀኑ እንዳይሆን፣ ልጄ?»

«ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ይውጡ!»

ስልኩ ተቋረጠ። ደጋግማ ብትደውልም አላነሱም። ቆይተው ራሳቸው ደወሉ፤ ከጀርባቸው የውሃው ጩኸት ይሰማል።

«አልሐምዱሊላህ፣ እኛ ወጥተናል። አንዲት ጥጃ ብቻ ወሰደብን።»

ዓፊያ ካለችበት ቁጭ ብላ አለቀሰች።