ዘንድሮ አንገር በየት ዞረ

ተረፈ ነቀምቴ ገበያ ዳር የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ አቡጀዲ ተሸክሞ በየገበያው ዞሯል፤ ኦሮምኛውንም እዚያው ሲገበያይ ለምዶ እንደ አገሬው ሰው ይናገረው ነበር። ጃንሆይ በነገሡበት በዚያ ዘመን፣ በኡኬ መንገድ የጭነት መኪና መሄድ በጀመረበት ሰሞን፣ ከቆላ የመጣች ድርቤ የምትባል ልጅ አግብቶ ሁለት ልጆች አፈራ። ባለሱቅ ሰው ያውቃል፤ ማን ቃሉን እንደሚጠብቅ፣ ማን እንደሚያምታታ ከአረማመዱ ይለያል። ሚስቱንም ጠንቅቄ አውቃታለሁ ይል ነበር፤ ከአንድ ነገር በቀር።

በየዓመቱ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ድርቤ ልጆቹን ለጎረቤታቸው ለእማማ አሰፋች አደራ ትሰጥና ወደ አንገር ወንዝ ትወርዳለች። ጥቂት ቀን ሰንብታ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ተረከዟ ተሰነጣጥቆ ትመለሳለች፤ ነገር ግን ዓይኗ እንደ ሙሽራ ይበራል።

“ምን ስትሠሪ ሰነበትሽ?” ይላታል።

“ወንዙን ሳይ።”

ተረፈ ይህን የሰማው እንደ ቀልድ ነበር። ወንድሟ ጆቴ ወንዙ አጠገብ ስለሚኖር ዘመድ ልትጠይቅ ነው የምትሄደው ብሎ ለራሱ ነገሩን ዘግቶት ኖረ። አንድ ቅዳሜ ጆቴ ማር ሊሸጥ ነቀምቴ ወጥቶ ሱቁ ጎራ ሲል፣ “እህትህን በደንብ አስተናግደህ ትልካታለህ፤ እግዜር ይስጥህ” አለው።

ጆቴ ግራ ገባው። “ምን አስተናግጃት? እኔ ቤት አንድ ቀን አድራ አታውቅም። የምታድረው ወንዙ ላይ ነው።”

ይህ ንግግር ተረፈ ሆድ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ክር ልትገዛ የመጣች ወይዘሮ ሸዋርጋ የምትባል ባልቴት፣ ዙሪያዋን ቃኝታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“አይክፋህ ልጄ፤ ሰው የሚለውን ልንገርህ። ሚስትህ እሁድ እሁድ ከመዘምራኑ ጋር ትዘምራለች፤ ጥር ሲሆን ደግሞ ወርዳ ለወንዝ ቅቤ ትቀባለች እየተባለ ነው።”

“እማማ፣ ሰው ሥራ ሲፈታ የማይለው የለም” ብሎ ሸኛት። ነገር ግን ከሄደች በኋላ አንዱን አቡጀዲ ደጋግሞ ሲለካ ራሱን አገኘው። አልተናደደም። እንዲያው ማወቅ ፈለገ። ሰው ከጎኑ የምትተኛ ሴት በየዓመቱ የምትሄድበትን ቦታ እንዴት ሳያየው ይኖራል?

ጥምቀት እንዳለፈ፣ ማታ ራት ላይ፣ “ዘንድሮ አብሬሽ ልውረድ” አላት።

ድርቤ የጎረሰችውን ዋጠች። “ሱቁስ?”

“ተዘግቶ ይቆያል።”

“መሬት ላይ ትተኛለህ?”

“ለምን አልተኛም? ሰው አይደለሁ?”

“ወባ አለ። ጉማሬ አለ። መንገዱም ቁልቁለት ነው፣ ጉልበት ይፈታል።” ትንሽ አየችው። “እንግዲያ ያን የሚያብረቀርቅ ጫማህን ተወው፣ አባ ባቻ።” የበኩር ልጃቸው ስም ባቻ ነው፤ ደስ ሲላት ነው እንዲህ የምትጠራው።

ጨው የጫነ መኪና ላይ ወጥተው ኡኬ ወረዱ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የእግር ነው። ተረፈ ፋኖስ፣ ትራስ፣ ጃንጥላ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ድስትና አንድ ጥቅል ሸራ ተሸክሟል። ድርቤ የያዘችው አንድ ጆንያ ብቻ ነው፤ ውስጡ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ፣ የተቀቀለ የአንጮቴ ሥር፣ ገመድና ቢላዋ አለ። መንገዱ ከሰው ቁመት በላይ በሆነ ሰንበሌጥ መካከል ቁልቁል ይወርዳል። ሙቀቱ ከታች እየተነሣ ፊት ላይ እንደ ምድጃ ይመታል። ተረፈ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ሚስቱ ስትራመድ ያያል። ነቀምቴ ላይ ቀስ ብላ የምትሄድ ሴት ነበረች፤ እዚህ ግን ሊደርስባት አልቻለም።

ጆቴ ከደጁ ሆኖ አያቸው። “አካም ጅርታ፣ ሶዳ!” ብሎ በኦሮምኛው ሰላምታ አማቹን አቀፈና ሸክሙን አይቶ ሳቀ። ተረፈም ትራሱንና ጃንጥላውን እዚያው ተወ። ፋኖሱንም ተወ። ድርቤ ሸራውን ዳብሳ፣ “ይህን ያዘው፤ ይህ ይጠቅማል” አለችው፤ እሱም ደስ አለው።

ወንዙ ዳር ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ታንኳ ታስሯል። ተረፈ ወደ ጆቴ ዞሮ፣ “አንተ ነህ የምትቀዝፍልን?” አለው። ጆቴ እህቱን አየት አደረገና ገመዱን ፈታ። ድርቤ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ወገቧ ላይ ሸጎጠች። መቅዘፊያውን አንስታ ከኋላ ቆመች። አንዴ ገፋ ስታደርገው ታንኳው ከዳሩ ለቆ መሃል ገባ።

ተረፈ የታንኳውን ከንፈር በሁለት እጁ ጨብጦ ቁጭ አለ።

“አትጨብጥ” አለችው። “ታንኳው ነው አንተን የሚሸከምህ፤ አንተ እሱን አትሸከመውም።”

ዞር ብሎ አያት። ትከሻዋ ሲመጣና ሲሄድ፣ ውኃውን ሳትረጭ ስትከፍለው፣ አለት ሲያጋጥማት ገና ሳይታይ ታንኳውን ስታጥፈው አየ። ይህቺን ሴት አላውቃትም አለ በልቡ፤ ነገሩ አላስከፋውም፤ እንዲያውም ደረቱን ሞቅ አደረገው።

“ማን አስተማረሽ?”

“አባቴ። ድልድይ ሳይሠራ መንገደኛ የሚያሻግረው እሱ ነበር። በኋላ ትከሻውን ሲያመው እኔ አሻግር ነበር።”

“እንዴት ይህን ሁሉ ዓመት አልነገርሽኝም?”

“አልጠየቅከኝም። ስታጨኝ የጠየቅከው ክትፎ መሥራት ትማሪ እንደሆን ነው።”

ወንዙ ሁለት ቦታ የሚከፈልበት ደረሱ። መሃል ላይ ሰፊ የአሸዋ ደሴት አለ። በስተቀኝ ያለው ክንድ ጥልቅና ጥቁር ነው፤ ዳሩን እየበላ ሄዶ የአንድ ትልቅ ሾላ ሥር አራቁቷል። የግራው ክንድ ግን ጠጠርና አሸዋ የሞላበት ነው፤ ውኃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም።

ድርቤ ታንኳውን አሸዋው ላይ ጎትታ አሰረችና ዕቃ ሳታወርድ መራመድ ጀመረች። ተረፈ ከኋላዋ ተከተለ። እጇን ያያል፤ ምንም አልያዘችም። ቅቤም የለ፣ ጨሌም የለ። እሷ ግን አንዴ ጎንበስ ብላ ጠጠር ታነሣለች፣ አንዴ ቆማ ማዶውን ታያለች።

“ይህ ሾላ አምና ከውኃው ሩቅ ነበር” አለችው። “እኔ አምና የተኛሁበት ደግሞ እዚያ ነው።” በጣቷ ወደ ጠቆመችው ቦታ ሲያይ የቀኙ ክንድ መሃል ሆነ፤ ውኃው እየተሽከረከረ የሚወርድበት። ተረፈ ሳያስበው ከዳሩ አንድ እርምጃ ራቀ።

ከዚያ ማደሪያ ሠሩ። ድርቤ አስቀድማ ጉማሬ የሚወጣበትን የተረገጠ ዱካ ፈልጋ ከዚያ ራቅ ያለ ቦታ መረጠች። እንጨት ቆረጠች፤ እሱ ሸራውን ወጠረ። ጨርቅ መወጠር የሚያውቀው ሥራ ስለሆነ አሳምሮ አሰረው። እሳት አነደዱ። እሷ ዓሣ በመንጠቆ አውጥታ ፍም ላይ ጠበሰች፤ ተረፈ እሾሁን እየፈራ በላ፤ ሲለምደው ሁለተኛውንም በላ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከወንዙ ላይኛው በኩል ወፍራም ድምፅ ተሰማ፣ ሽማግሌ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ያለ።

“ጉማሬ ነው” አለች። “መንገዱ ላይ ስላልሰፈርን አይደርስብንም።”

ቀጥሎ ከሾላው በኩል ዱብ የሚል ድምፅ መጣ፤ ውኃው ተንቦጫረቀ፤ ጸጥ አለ።

“ይሄስ?”

“ወንዙ እየበላ ነው። ከዳሩ አንድ ጉርሻ አፈር ወሰደ።”

ተረፈ እሳቱን ቆስቆስ አደረገ። “ሰው ለወንዝ ቅቤ ትቀባለች ይላል” አለ በመጨረሻ።

ድርቤ ሳቀች፤ ሳቋ ቶሎ አላባራም። “ቅቤ ቢተርፈኝ ጭኮው ላይ እጨምረው ነበር።” ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገች። “አባቴ ክረምት ሲወጣ መጀመሪያ የሚሠራው ይህ ነበር። ወርዶ፣ ‘ዘንድሮ በየት ዞረ?’ ይላል። መንገደኛ የሚያወርድበትን ቦታ ማወቅ አለበታ። እኔ አሁን ለምንም አልፈልገውም። ግን ወንዙ በየክረምቱ መንገዱን ይለውጣል፤ ማንም አያየውም። እኔ ካላየሁት ዓመቱ ያለቀ አይመስለኝም።”

“ይኸው ነው?”

“ይኸው ነው። ለሰው ሲነገር ሞኝነት ይመስላል። ስለዚህ አልነግርም።”

በማግስቱ ደሴቱን ዞሩት። ድርቤ ወንዙ በሚቀጥለው ክረምት የቀኙን ክንድ ትቶ በግራው መንገድ ይከፍታል አለች። ተረፈ አልተስማማም። “ውኃ እንደ ገበያተኛ ነው” አላት፤ “ሰው ወደተሰበሰበበት ይሄዳል። አሁን ሁሉም በቀኝ ነው። ሾላውን ጥሎ ያልፋል።”

“ገበያተኛም ይሰለቻል” አለች።

ይህ መልስ አላረካውም። እሷ ዕቃ ስታጥብ ዱላ ይዞ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ወደ ግራው ክንድ ወረደ፤ ጠጠሩ ምን ያህል እንደሆነ ሊያይ። ጥቂት እንደተራመደ አሸዋው ከእግሩ ሥር ላላ። አንድ እግሩ እስከ ጉልበቱ ገባ። ያን ለማውጣት ሌላውን ሲጫን እሱም ገባ። በታገለ ቁጥር አሸዋው ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ጭኑ ድረስ ሲደርስ፣ “ድርቤ” ብሎ ተጣራ። 

እሷ ሮጣ ደረሰችና ከጠንካራው ቦታ ላይ ቆመች። “አትታገል። ተኛ።”

“ምን ላይ ልተኛ?”

“አሸዋው ላይ። በሆድህ። እንደ ሕፃን ተኛ።”

ተረፈ ሸሚዙን ለብሶ ጭቃ ላይ መተኛት የሞት ያህል ከበደው። ተኛ። ጉንጩ እርጥብ አሸዋ ነካ። እሷ ከእጁ ያመለጠውን ዱላ አንስታ አቀበለችው። “አሁን ቀስ፤ ቀስ። እግርህን እንደ ወተት መናጫ አወዛውዘው፤ ውኃው ይግባበት።” አንዱ እግር ወጣ፤ ሌላውም ጫማውን እዚያው ትቶ ወጣ። በደረቱ እየተሳበ ጠንካራው ጠጠር ላይ ደረሰና ተንጋሎ ተነፈሰ። ድርቤ አጠገቡ ተቀመጠች። ልትቆጣው አፏን ከፍታ ሳለ እሱ ቀደማት።

“ከሥር ቀዝቃዛ ነው።”

“ምኑ?”

“አሸዋው። ላዩ ይፋጃል፤ ከጉልበቴ በታች ግን ውኃው እንደ ምንጭ ይቀዘቅዛል፤ ይሄዳልም። ወደ ታች ሲገፋኝ ይሰማኛል። ድርቤ፣ ከሥር ወንዝ አለ።”

ድርቤ አፏን ዘጋች። ተነሥታ ቀዳዳው አጠገብ በሆዷ ተኛችና ክንዷን እስከ ብብቷ ከተተች።  ጭቃ የለበሰው ባለሱቅም ተነሥቶ ተሳበና አጠገቧ ተኛ፤ እሱም ክንዱን ከተተ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተኝተው ከምድር በታች የሚሄደውን ውኃ በጣታቸው አዳመጡ።

“ታዲያ እኔ ነኛ ልክ” አለች።

“ገና ነው። ሾላውም እየወደቀ ነው።”

ነቀምቴ ሲመለሱ ወይዘሮ ሸዋርጋ ወሬ ልትቃርም ብቅ አለች። ተረፈ፣ “ወንዙን አየን፣ እማማ” አላት። “ይኸው ነው?” አለችው። “ይኸው ነው።” አላመነችውም። ከዚያ ወዲያ ባልና ሚስት ተያይዘው ወንዝ ቅቤ ይቀባሉ የሚል ወሬ ወጣ፤ ለሱቁ ግን ደንበኛ ጨመረለት እንጂ አልቀነሰበትም።

ክረምቱ ገባ። ነቀምቴ ላይ ዝናቡ እንደ ልማዱ ቀን ከሌት ወረደ። ተረፈ ደጁ ላይ ቆሞ በመንገዱ ቦይ የሚወርደውን ቀይ ጎርፍ ሲያይ ይውላል፤ ጠጠር ሲያጋጥመው በየት እንደሚያልፍ፣ የትኛውን ዳር እንደሚቆርስ። ደንበኛ ጠርቶት ሳይሰማ የቀረበት ጊዜ አለ። ማታ ማታ፣ “አሁን ምን ላይ ደርሶ ይሆን?” ይላታል፤ እሷም ስለ ማን እንደሚጠይቅ አትስተውም።

በጥር ወረዱ። ተረፈ በዚህኛው ጊዜ ከሸራው በቀር ጓዝ አልያዘም። ታንኳው ወንዙ ወደሚከፈልበት ሲቃረብ ሁለቱም አንገታቸውን አስግገው ማዶ ያዩ ጀመር። የቀኙ ክንድ አሸዋ ሞልቶበት ደርቋል። የግራውም እንደ አምናው ጠጠር ነው። አንገር ከሾላው ጀርባ፣ ማንም ወንዝ ይሆናል ብሎ በማያስበው የሰንበሌጥ ሜዳ በኩል ቀዶ ወጥቶ፣ ሰፊና ጸጥ ያለ ሆኖ ይወርዳል። ሾላው አልወደቀም፤ በአሮጌውና በአዲሱ ወንዝ መካከል ቀርቷል።

ድርቤ ሾላው ሥር ቆማ አዲሱን ወንዝ አየችው። “ይህን አባቴም አይገምተውም ነበር” አለች።

ተረፈ ዱላውን ይዞ፣ እግሩ የሚያርፍበትን እየወጋ እየፈተነ፣ ውኃው ሜዳውን መጀመሪያ የሰበረበትን ቦታ ፍለጋ ወደ ላይ መሄድ ጀምሮ ነበር።