ሥልጡኗ

ወደ ሥልጠናው መሄድ የነበረበት ባሏ ነበር። እሱ ግን «አፈር ስገፋ ያረጀሁትን ሰውዬ፣ ቅጠል አስተጣጠብ ሊያስተምሩኝ ነው? አንቺ ሂጂ፤ ምሳ አይጠፋም» አላት። ሄደች።

ሥልጠናው የተሰጠው አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው። ወንበሮቹ ለልጅ የተሠሩ ስለነበሩ የገበሬው ሁሉ ጉልበት አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው። የመጡት ሁሉ የእሷ ቢጤዎች ነበሩ፤ በትንሽ መሬት ላይ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት የሚያለሙ፣ «ማዳበሪያ አልነካንም፣ መድኃኒት አልረጨንም» እያሉ የሚኮሩ። አሠልጣኟ ድምፅዋ የጎረነነ ሴት ነበረች። ገና ሰላምታዋን ሳትጨርስ «መድኃኒት አልረጭም ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም» ስትል ከኋላ ጉርምርምታ ተነሣ።

«ተቆጡ፣ ግድ የለም» አለች። «እኔን የሚታየው ቆሻሻ አያስፈራኝም፤ እሱንማ ገዢው ራሱ ያራግፈዋል። የሚያስፈራኝ የማይታየው ነው። ካሮቱ ይላጣል፣ ቆስጣው ይቀቀላል፤ ሰላጣ ግን እንዳለ ነው አፍ የሚገባው። እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ!»

ከዚያ ትኩስ ፍግ ከቅጠል እንዳይደርስ፣ ከብት የሚጠጣው ውሃ ምርት እንዳይነካ፣ ሣጥኑ በየጊዜው እንዲፈገፈግ፣ እጅ በሳሙና እንዲታጠብ እያለች ታስረዳ ጀመር። ባሏ የላካት ሴት የገዛ ጓዳዋ በአደባባይ የተገለጠባት ያህል ፊቷ ጋለ። ከማሳቸው ግርጌ ያለው ኩሬ ትዝ አላት። ዳክዬዎቹ ይዋኙበታል፣ ላሟ እግሯን ነክራ ትጠጣበታለች፤ ሰላጣቸውም ሲታጠብ የኖረው እዚያው ነው።

ቤቷ ስትመለስ ይህንኑ ለባሏ ነገረችው።

«እስከ ዛሬ ማን ሞተ?» አላት።

«ማን እንደታመመ በምን እናውቃለን? ሆዱን የቆረጠው ሁሉ እኛ ዘንድ መጥቶ ይነግረናል?»

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» አለና ጀርባውን ሰጣት።

እሷ ግን አልተወችም። አሮጌውን የሲሚንቶ ገንዳ ፈግፍጋ የጉድጓዱን ውሃ በፓምፕ አስገባችበት። የፍጉን ክምር ከአትክልቱ አርቃ አጠረችው። ሳሙና በመረብ ከረጢት አድርጋ ቧንቧው ላይ አንጠለጠለች። ባሏ እያየችው ይታጠብና እጁን መልሶ በቆሸሸው ሱሪው ይጠርጋል። ለገዢዎችም «ሚስቴ ሠልጥናብኛለች!» እያለ ያስቃቸዋል። ስሙ በዚያው ጸና፤ መንደሩ ሁሉ «ሥልጡኗ» ይላት ጀመር። አብራ ትስቃለች፤ በልቧ ግን ስሙን ወዳው ነበር።

የከተማው መዋዕለ ሕፃናት ምግብ አብሳይ፣ ጠና ያለች ወይዘሮ፣ ዝናዋን ሰምታ መጣች። ገንዳውን በጣቷ ዳሰሰች፣ ሣጥኖቹን ገልብጣ አየች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሥልጠናዋን ሰርተፊኬት አነበበች። «በቃ፣ ከእንግዲህ የልጆቼን ሰላጣ የምወስደው ካንቺ ነው» አለቻት። ከእናንተ አላለችም፤ ካንቺ ነው ያለችው። ባሏ አጠገባቸው ቆሞ ሰምቷል። በነጋታው ሳሙናውን ከመረቡ አውጥቶ የመኪናውን ጎማ ሲያጥብበት አየችው። ነገር እንዳይነሣ ብላ ሌላ ሳሙና አንጠለጠለች።

እናቷ የታመሙ ጊዜ ሄዳ አደረች። ጠዋት ስትመለስ የሰላጣው ሣጥን መኪናው ላይ ተጭኖ ውሃ ያንጠባጥባል። ገንዳው ግን ደረቅ ነው።

«ፓምፑ ምን ሆነ?»

«ተበላሸ።»

«ታዲያ በምን አጠብከው?»

«በውሃ ነዋ! በምን ላጥበው ኖሯል?»

የላይኛውን ሣጥን ከፈተች። ቅጠሉ መሐል ትንሽ የዳክዬ ላባ ተለጥፏል።

«ይሄ አይሄድም» አለች። «ለሕፃናት ነው።»

«እኔም ሕፃን ሆኜ በልቼዋለሁ፤ ይኸው ቆሜ እሄዳለሁ» ብሎ ላባውን በጣቱ አነሣና ጣለው። «ንጹሕ ሆነልሽ?»

መኪናው አቧራ አስነሥቶ ወጣ። ስልኳን አነሣች። የአብሳይዋን ቁጥር አወጣች። ምን ልትል ነው? ባሌ በኩሬ ውሃ ያጠበውን ለልጆች እንዳትሰጪ? ገዢው ይሸሻል፤ ባሏ በሰው ፊት ይዋረዳል፤ ቤቱም ይታመሳል። ደግሞ ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ስንት ዘመን ምንም አልሆነም። ስልኩን መልሳ ኪሷ ከተተችው።

ሳምንት ሳይሞላ መዋዕለ ሕፃናቱ ተዘጋ። ልጆቹ በደም ተቅማጥ ተያዙ። አብዛኞቹ እየዋሉ እያደሩ ዳኑ፤ እዚያው የምትውለው የአብሳይዋ የልጅ ልጅ ግን ኩላሊቷ ተጎድቶ ሆስፒታል ቀረች።

የሰላጣውን ምንጭ ተከትሎ የጤና ተቆጣጣሪው መጣ። ከኩሬውም ከጉድጓዱም ውሃ ቀዳና ብልቃጦቹን ከድኖ ዞር አለ።

«ያን ሰላጣ ያጠበው ማን ነው?»

ወደ ባሏ አየች። ጠበቀችው። እሱ ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ጌታዬ፣ እዚህ ቤት ስለ ንጽሕና የምታውቀው እሷ ናት» አለ። «የሠለጠነችው እሷ፣ ሰርተፊኬቱም የእሷ። እኔ ቆፋሪ ነኝ።»

ከተናገረው አንድም ቃል ውሸት የለበትም፤ አንጀቷን ያሳረራትም ይኸው ነው። አፏን ልትከፍት ስትል ያ ያልደወለችው ስልክ ትዝ አላት።

«እኔ ነኝ» አለች።

ሰርተፊኬቷ ተነጠቀ፤ በስሟ አንዲት ቅጠል እንዳትሸጥ ታገደች። ሥልጡኗ የሚለው ስም ሳይቀር ተገለበጠ፤ ገበያ ውስጥ ስታልፍ «ሥልጡኗ መጣች» ይባልና እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ይስባሉ።

«ለምን?» ብላ ጠየቀችው ባሏን፣ ተቆጣጣሪው በሄደ ቀን ብቻቸውን ሲቀሩ።

«ያው አንድ ቤት አይደለን? እኔ ብታገድ ማን ያበላናል?» አላትና እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ማሳው ወረደ።

ደግሞ ብሎ ብሎ ራሱ ሥልጠና ገባ። በዚያችው የልጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተማረ፤ ሰርተፊኬት ይዞ መጣ፤ አትክልቱን በስሙ አስመዘገበ። ኩሬውን አጠረ፣ አዲስ ፓምፕ አስገባ። አንደበቱ ለስላሳ ነውና ለአዲስ ሠልጣኞች ንግግር እንዲያደርግ ተጋበዘ። ልብስ እያጣጠፈች ሳለች ከወዲያኛው ክፍል ሲለማመድ ሰማችው። «የባለቤቴ ስህተት ዓይኔን ከፈተልኝ» ይላል። አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ አድርጎ፣ የትኛው ድምፅ እንደሚያምር እየመረጠ።

የያዘችውን ሸሚዝ አልጋው ላይ ጥላ ወጣች። በቀጥታ የሄደችው አብሳይዋ ቤት ነው። በሩ ሲከፈት ልጅቷ ፊቷ አብጦ መሬት ላይ ተቀምጣ ሥዕል ስትቀባ ታየቻት። ሴትየዋ ግቢ አላለቻትም።

«ያጠበው ባሌ ነው፣ እትዬ» አለች። «በኩሬ ውሃ።»

አብሳይዋ በሩን እንደያዘች «መቼ ነው ያወቅሽው?» አለቻት።

«መኪናው ሲወጣ።»

«ልጆቹ ሳይበሉ?»

«ሳይበሉ።»

«ስልኬ አልነበረሽም?»

«ነበረኝ።»

ሴትየዋ አልጮኸችም። «እሱስ አላውቅም ነበር ይበል» አለች። «አንቺ ግን ተምረሻል።» በሩን ዘጋችው፤ ልጅቷ እንዳትደነግጥ ብላ ነው መሰል፣ ቀስ አድርጋ።

ወደ ባሏ ቤት አልተመለሰችም። እህቷ ዘንድ ገባች፤ ልብስ ንጽሕና መስጫ ቤት ተቀጥራ ትተኩሳለች። ባሏ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር።

«ነይ እንጂ፣ ሰው ምን ይላል?» አላት።

«ሰውማ የሚለውን ብሎ ጨረሰ» አለችው፣ ካውያውን ሳታስቀምጥ።

እሱም ሄደ። አሁን ገበያው ደርቷል፤ ሆቴሎች ሳይቀሩ የሚገዙት ከእሱ ነው፤ እንደ እሱ ሰላጣ ንጹሕ የለም ይባላል። እውነትም ንጹሕ ነው። ልጅቷ ግን እስከ ዛሬ ሆስፒታል ትመላለሳለች።