የሙህዲን ዓሦች

ረቢአ ውሃውን በጆግ እየቀዳች ከከፍታ መልሳ በርሜሉ ውስጥ ታንቆረቁራለች፤ አየር ይግባበት ብላ። ክንዷ ዝሏል። ቆሮሶ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሦስቱ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈዋል። ጠዋት የጠፋው መብራት ረፋዱ ላይ ሲመጣ ፓምፑ አንዴ አጉረመረመና ዝም አለ። የተቃጠለ ሽቦ ሸተታት።

ይህን ሁሉ ጓሮው ውስጥ የሠራው ባሏ ሙህዲን ነበር። የግብርና ባለሙያ ነበርና ከአንድ ሥልጠና እንደተመለሰ በርሜሉን ተከለ፤ ከጎኑ ጠጠር የሞላበት ገንዳ አበጀ። ፓምፑ የዓሦቹ እድፍ ያለበትን ውሃ ወደ ገንዳው ይገፋል፤ በሶብላውና ናናው እድፉን ይመገቡታል፤ የጠራው ውሃ ተመልሶ በርሜሉ ውስጥ ይወርዳል። ዓሦቹ የእሱ፣ ቅጠሉ የእሷ ነበር። እሱ ሲሞት ሁለቱም በእሷ ላይ ቀሩ።

ባል የሞተባት ሴት ቤቷ የምትቆይበትን የአራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ልትጨርስ አሥራ አንድ ቀን ይቀራታል። አራት ወር ሊሞላት ነው፣ ከግቢ አልወጣችም። ልጅ አልወለዱም። ጠዋት ጠዋት ዓሦቹን ስትመግብ «አካም ቡልታን?» ትላቸዋለች፤ እንዴት አደራችሁ የምትለው ሌላ ሰው ቤቱ ውስጥ የለም።

ጆጉን አስቀምጣ ኤሌክትሪክ ጠጋኙ ሙሄ ዘንድ ደወለች።

«ፓምፑ ተቃጠለብኝ መሰል። መጥተህ ብታይልኝ?»

ሙሄ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አብሽሪ፣ እትዬ ረቢአ። ግን ብቻሽን ያለሽበት ግቢ እንዴት እገባለሁ? ዒዳ ላይ ነሽ። ለሰው ስጭና ላኪልኝ፣ አሁኑኑ አየዋለሁ።»

የምትልከው ሰው አልነበራትም። ጎረቤቷ አሻ ወደ ሰንበቴ ገበያ ወርዳለች። እንደገና ውሃ እየቀዳች ጥቂት ቆየችና ለሙህዲን ታላቅ እህት ለፋጡሜ ደወለች።

«ለዓሣ ብለሽ ልትወጪ?» አለች ፋጡሜ። «አሥራ አንድ ቀን መታገሥ አቃተሽ?»

«እኔማ እታገሣለሁ። እነሱ ናቸው የማይታገሡት።»

«የወንድሜን ክብር ብትጠብቂ ይሻልሻል።»

«ዓሦቹም እኮ የሱ ናቸው፣ እትዬ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ለችግር በቀን መውጣት እንደሚፈቀድ ረቢአ ታውቃለች። የፈራችው፣ ዓሣ ደግሞ ችግር ነው ወይ የሚለውን ሰው ነው። ወደ በርሜሉ ተመለሰች። አራተኛው ተገልብጧል።

ሶኬቱን ነቀለች። ፓምፑን ከውሃው አውጥታ ባልዲ ውስጥ ከተተችና ሻርፗን አጥብቃ ወጣች። ፀሐዩ ዓይኗን ወጋት። አንዲት የምታውቃት ሴት ሰላም ልትላት አፏን ከፈተች፤ ባልዲውን አየችና ፊቷን አዞረች። ረቢአ የሚያልፍ ባጃጅ አስቆመች።

«ሙሄ ዘንድ አድርሰኝ። ቶሎ መልሰህም ታመጣኛለህ።»

ሽበት የጀማመረው ሹፌር ከአለባበሷ ሐዘኗን ተረዳ።

«አላህ ይዘንለት» አለና እጁን በጎን ወደተጠቀለለው ሸራ ሰደደ። «ሰው እንዳያይሽ ላውርድልሽ?»

ረቢአ ባልዲውን ጭኗ ላይ አደላደለች። ከመንገዱ ማዶ ሁለት ሴቶች ቆመው ያዩዋታል።

«ተወው» አለችው። «እንዲሁ እንሂድ።»