በአማቱ ቦት ጫማ ላይ የተሰመረው ቀይ መስመር

የፈሳሽ ሳሙና ፋብሪካው ትልቁ ታንከር አምስት ሜትር ቁመት አለው። ቴክኒሻኑ አራት ሜትሩ ላይ አንዲት ተንሳፋፊ ኳስ ገጥሞበት ነበር። ሳሙናው ደርሶ ኳሷን ብድግ ሲያደርጋት ደወል ይጮኻል፣ ፓምፑም ይቆማል። አራት ሜትርን ከሰማይ አላወረደውም። ፓምፑ ከቆመ በኋላ ቧንቧ ውስጥ የቀረው ሳሙና ምን ያህል እንደሚጨምር፣ አረፋው የት ድረስ እንደሚያብጥ፣ ሦስት ቀን ሙሉ መሰላል ላይ ተንጠልጥሎ ለክቶ ያገኘው ነጥብ ነው።

የኳሷ ጥፋት እውነቱን መናገሯ ነበር።

በዚያ ፋብሪካ ደወል በጮኸ ቁጥር አራት ቅጽ ይሞላል፣ ኮሚቴ ይሰበሰባል። ወሩን ሙሉ ደወል ያልጮኸበት ክፍል ደግሞ «ጸጥታ የሰፈነበት» የሚል የመዳብ ሰሌዳ ይሸለማል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ለዚህች ሰሌዳ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሚስማር መትቶ መጠበቅ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ሳሙናው ለምን አራት ሜትር ደረሰ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። የተጠየቀው ደወሉ ለምን ጮኸ የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ስብሰባ ነጥቡን ወደ አራት ሜትር ተኩል ከፍ አደረገው። ሁለተኛው አምስት አስገባው። ሦስተኛው አምስት ተኩል ሲል ቴክኒሻኑ ከወንበሩ ተነሣ።

«ታንከሩ እኮ አምስት ሜትር ነው!»

«ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ነው የወሰነው» አለ ሰብሳቢው።

«ሳሙናው ድምፅ ሰጥቷል?»

«አንተ ሰው ነገር ማወሳሰብ ትወዳለህ። ደወል ካልጮኸ ችግር የለም ማለት ነው። በቃ!»

ቴክኒሻኑ ክዳኑ ላይ የብረት ዘንግ አስበየደና ኳሷን አየር ላይ ሰቀላት። በማግስቱ እርግብ አረፈችባት። ከዚያ ወዲያ ሳሙናው ሲሞላ በክዳኑ መተንፈሻ እየፈሰሰ ወደ ታንከሩ ሥር ይወርድ ጀመር። ታንከሩ ሥር፣ መሬቱ ጎድጎድ ያለበት ቦታ ላይ፣ የዘበኛው ክፍል አለች። ዘበኛው የቴክኒሻኑ አማት ናቸው፤ የሚስቱ አባት። ሥራውን ያስገኘላቸውም እሱ ራሱ ነው።

ሚስቱ ይህን ስትሰማ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አባቴ በሳሙና ታጥቦ ቢሞት እዚህ ቤት እንዳትመጣ።»

«ታጥቦ ነው ሰምጦ?»

«አትቀልድብኝ! አንተ ነህ እዚያ ያስገባኸው፣ አንተው አውጣው።»

ለማውጣትማ ሞክሮ ነበር። «አባባ፣ ይልቀቁት ይሄን ሥራ» ቢላቸው ሽማግሌው ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። «በሩን ማን ሊጠብቀው? ሳሙናው?»

ሌላ መላ ስላጣ ቀይ ቀለም ገዝቶ መጣ። በአማቱ የላስቲክ ቦት ጫማ ላይ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ዘንድ አንድ መስመር፣ ጉልበታቸው ሥር ሌላ መስመር አሰመረ።

«ሳሙናው ታችኛው ጋ ሲደርስ ይጮኻሉ፤ እኔ ፓምፑን አቆማለሁ። ላይኛው ጋ ከደረሰ ይሮጣሉ።»

«እና እኔ አሁን ምን ልባል ነው? ኳስ?»

«ዘበኛ ነዎት አባባ። ትንሽ ሥራ ተጨመረብዎት እንጂ።»

መሣሪያው ሠራ። እንዲያውም ፋብሪካው ውስጥ በትክክል የሚሠራው እሱ ብቻ ነበር። ሽማግሌው በአራት ቀን አራት ጊዜ ጮኹ፣ ፓምፑም አራት ጊዜ ቆመ። ችግሩ ድምፃቸው ነው፤ ያ ድምፅ ሁለት ግቢ ያቋርጣል። የሰብሳቢው መስኮት ደግሞ በእሳቸው አናት ላይ ነው የተከፈተው። በአምስተኛው ቀን ኮሚቴው ተሰብስቦ ጩኸት እንደ ደወል እንዲቆጠር ወሰነ። ወዲያውም ነጥቡን ከፍ ለማድረግ ተወያየ።

«ከቁርጭምጭሚት ወደ ደረት ይዛወር» አለ ሰብሳቢው። «ሰውየው ረጅም ናቸው። እስከ ደረታቸው ገና ብዙ ባዶ ቦታ አለ።»

አምስቱም አባላት እጃቸውን አወጡ። ወረቀቱ ለፊርማ ወደ ቴክኒሻኑ ተገፋ። ወረቀቱን ቀዶ ፊታቸው ላይ ሊበትነው እጁ ተነሣ። ግን ቢበትነው ሌላ እንደሚያትሙ ያውቃል። የመመሪያውን መጽሐፍ ጎትቶ ገለጠ።

«አንቀጽ ዘጠኝ። ነጥብ ሲቀየር ኮሚቴው መሣሪያው ባለበት ተገኝቶ ሙከራውን አይቶ ይፈርማል። እስካሁን መሰላሉ ረጅም ነው እያላችሁ ቀራችሁ። አማቴ ላይ ለመድረስ መሰላል አያስፈልግም።»

ሰብሳቢው መጽሐፉን ስቦ አንቀጹን አነበበ። መመሪያውን የጻፈው እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ አምስቱ ሰዎች የፕላስቲክ ወንበራቸውን ይዘው ጠባቧ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ሽማግሌው መሐላቸው ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። ቴክኒሻኑ ውጭ፣ ፓምፑ አጠገብ ሆኖ ማብሪያውን ተጫነ።

ሳሙናው ሞላ፣ ገነፈለ፣ ወረደ። መጀመሪያ አረፋው በበሩ ሥር ገባ፤ ከኋላው ዝልግልጉ ተከተለ።

«አባት፣ አይጮኹም እንዴ?» አለ ሰብሳቢው እግሩን እየሰበሰበ።

«ገና ነው፤ ደረቴ አልደረሰም።»

«ጫማዬ ሊነካ ነው እኮ!»

«ታዲያ የእርስዎ ጫማ ምን አገባው? የተወሰነው እኔ ላይ ነው። በሙሉ ድምፅ።»

ሰብሳቢው ወንበሩ ላይ ወጣ። አንዱ አባል ሊከተለው ሲል አዳለጠውና የሰብሳቢውን ሱሪ ጨምድዶ ያዘ። ያን ጊዜ ሰብሳቢው ጮኸ። እንዲህ ያለ ጩኸት ሽማግሌው እንኳ ጮኸው አያውቁም። ቴክኒሻኑ ፓምፑን አቆመ፣ በሩን ከፈተ፣ ቀለሙን ይዞ ገባ። ሳሙናው በደረሰበት ግድግዳ ላይ መስመር አሰመረ፤ ከወለሉ አራት ጣት።

«ሰብሳቢው የጮኹበት ነጥብ ይሄ ነው። ልመዝግበው?»

«ተወው! ተወው እሱን!» አለ ሰብሳቢው፣ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ። «ሳሙናው እዚህ ክፍል ጭራሽ እንዳይገባ ኳሷ የት ነው መሆን ያለባት?»

«አራት ሜትር ላይ።»

«ይጻፍ።»

እዚያው ወንበር ላይ እንደቆሙ እጅ ተነሣ። ሽማግሌውም እጃቸውን አወጡ፤ የከለከላቸው የለም። ቴክኒሻኑ በዚያው ሰዓት ኳሷን ከአየር ላይ አውርዶ ወደ ድሮ ቦታዋ መለሳት።

ማምሻውን አማትና አማች እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ነጭ ሆነው ቤት ሲገቡ ሚስቱ በር ላይ አሸተተቻቸው።

«ታጥባችሁ መጣችሁ?»

«ታጥበን። አልሞትንም» አላት ባሏ። ጎንበስ ብሎ የአማቱን ቦት ጫማ አወለቀና ቀዩን መስመር ለማስለቀቅ ጨርቅ አነሣ።

ሽማግሌው እግራቸውን ሳቡ። «ተወው ልጄ። ሰኞም ስብሰባ አላቸው።»