አንገት የለካው ሰው

ልብስ ሰፊው ለወገብ፣ ለደረትና ለእጅጌ እንደማንኛውም ሰፊ በሜትር ይለካል። አንገት ላይ ሲደርስ ግን ሜትሩን ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና መስኮቱ አጠገብ ከተመታው ሚስማር ሲባጎውን ያወርዳል። ሲባጎው ወፍራም ነው፤ በእጅ ብዛት ጠቁሮ ወዝቷል። አንዱ ጫፉ ላይ ቀለበት አለው፤ ከቀለበቱ ሥር ደግሞ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ጫፉ ወደ ውስጥ የተመለሰ ቋጠሮ። ቋጠሮውን ከደንበኛው ግራ ጆሮ ሥር ያስቀምጣል፤ ሲባጎውን አንገቱን አዙሮ በቀለበቱ ያሾልካል፤ ትንሽ ሳብ ያደርጋል። በቃ።

«ጠበቀህ?» ብሎ አይጠይቅም። ሌሎች ሰፊዎች ይጠይቃሉ። እሱ ግን፣ «ደንበኛ ስለ ሆዱ ይዋሻል፣ ስለ ቁመቱ ይዋሻል። ሰውነቱ ግን አይዋሽም። እጄ ሰውነቱን ጠይቆ ከጨረሰ አፉን ምን አደርገዋለሁ?» ይላል።

እንዲህ መለካትን ከአባቱ ተማረ፤ አባቱም ከአባቱ። አሁን ደግሞ እናቷ ከሞተች ወዲህ አብራው የምትሠራው ልጁ ከእሱ ተምራለች። አንድ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ከፊት ከጉሮሮ ሲጀምር እኛ ለምን ከግራ ጆሮ ሥር እንጀምራለን ብላ ጠይቃው ነበር። «የቤታችን እጅ ነው» አላት። እሷም ሌላ መልስ አልጠበቀችም። የቤት እጅ እንደ ቤት አፍንጫ ነው፤ ለምን እንዲህ ሆነ ተብሎ አይጠየቅም።

የቤቱ ኩራት ግን ሌላ ነበር። አደባባዩ መሀል እጁን ዘርግቶ የቆመው ሐውልት የአፈ ነበልባል ነው። በድሮ ዘመን በንግግሩ ብቻ ሕዝብ ያነሳሳና በዚያው ንግግሩ ምክንያት የተሰቀለ ሰው። ድልድዩ በስሙ ይጠራል፤ ትምህርት ቤቱም እንዲሁ። የሰፊው ቅድመ አያት ደግሞ የዚህን ሰው አንገት የለካ ነው። ቅድመ አያትየው ሲሞት ለልጆቹ የተወው ይህንኑ ነበር፦ «የትልቁን ሰው አንገት ለክቻለሁ፤ እሱም አመስግኖኛል።» ከዚያ በላይ አልተናገረም። ዝምተኛ ነበር ይባላል።

ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ግን ዝም አላሉም። ለቃሉ ገበር አስገቡለት፤ እጅጌ ቀጠሉለት፤ ቁልፍ ተከሉለት። ቅድመ አያትየው መጀመሪያ የአፈ ነበልባል ሰፊ ሆነ፣ ቀጥሎ ምስጢረኛው፣ በኋላም ወንድም ያህል። አሁንማ ሠርግና ለቅሶ ላይ «ዘመዳችን» እስከ ማለት ተደርሷል።

«የኔም ቅድመ አያት ጢሙን ሳይላጨው አልቀረም» ይላል ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ፣ ደንበኛ በጠፋ ቁጥር በራቸው ላይ ተደግፎ። «ታዲያ ሐውልቱ ለምን ጢሙ ተንዠረገገ ቢሉኝ፣ ቀጠሮ አላከብር ብሎን ነው እላለሁ!»

«ሳቅ አንተ። ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ። እርስዎን ወደ ሐውልት፣ እኔን ወደ መቀስ ሳበን።»

«ዘመድ ማለት ገመድ ነው፤» ይላል ሰፊው እየሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል እስኪለወጥ ድረስ፤ «ገደል ብትገባ እንኳ ስቦ ያወጣሃል።»

ሳሉ በዚህ ዓመት ባሰበት። እጁም መርፌ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ላይ የምትቀመጠው ልጅቷ ናት፤ እሱ ይለካል፣ በጠመኔ ያሰምራል፣ ይተኩሳል፣ ያወራል። እንዲህ እያለ ነው ከሙዚየሙ አንዲት አስጎብኚ የመጣችው። ለአፈ ነበልባል አዲስ የሰም ምስል እየተሠራለት ስለሆነ፣ የዚያን ጊዜውን የመሰለ ሸሚዝ የሚሰፋለት ይፈለጋል። የቤቱን ታሪክ ሰው ነግሯታል። ከምስሉ ሥር «ከሰፊው ዘር የተሰፋ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል።

ሰፊው ያን ቀን ምሳ አልበላም። «ይችን ሸሚዝ ሰፍቼ መኪናውን እከድናለሁ» አለ። ልጁ የሚለው ገባት። መኪናው ከተከደነ እሱም ከዚያ በኋላ ብዙ አይቆይም። ለመሞት ሰበብ ሳይሆን ለመሞት ፈቃድ ያገኘ ሰው ይመስል ነበር።

«ሙዚየሙ ደረጃው ብዙ ነው፤ አልችለውም። ሂጂና እዚያ ያለውን የእሱን አሮጌ ሸሚዝ እይልኝ» አላት። «ኮሌታው የቆመ ይሁን የተኛ በሐውልቱ አይለይም። ካስነኩሽም ለኪው። ሲባጎውን ያዢ።»

ዝናብ ነበር። ሙዚየሙ ውስጥ አንድም ጎብኚ አልነበረም፤ ወለሉ የእርጥብ ጫማዋን ዱካ እየተቀበለ ከኋላዋ ያስቀምጠው ነበር። አስጎብኚዋ እንደ ትልቅ እንግዳ ተቀበለቻትና መጨረሻው ክፍል ወዳለው የመስታወት ሣጥን ወሰደቻት። ሸሚዙ እንደ አሮጌ ጥርስ ቢጫ ሆኗል። ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ስፌቱን አየች፤ የእጅ ስፌት፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ የጥሩ ባለሙያ። ከዚያ ወደ ላይ አየች።

«ኮሌታው የት ሄደ?»

«ቆርጠውት ነው» አለች አስጎብኚዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እስረኞቹን ለስቅላት ሊያወጧቸው ሲሉ ኮሌታቸውን ይቆርጡ ነበር፤ ገመዱ እንዳያዳልጥ።»

ገመዱ ከጎኑ ባለው መስታወት ውስጥ ነበር።

«ሸምቃቂውን መቼም ያውቁታል» አለች አስጎብኚዋ።

ማን የማያውቀው አለ? «ሸምቃቂው መጣ፣ አንገትህን አውጣ» እያለች በገመድ ዝላይ አድጋለች። እናቶች ያልተኛ ልጅ ያስፈራሩበታል። መንገድ ላይ ሰው ተጣልቶ ስድብ ሲያልቅበት የሚወረውረው የመጨረሻው ነው፦ የሸምቃቂው ዘር!

«ሰው ሲሰቅል ፊቱን ይሸፍን ስለነበር ስሙ እስከ ዛሬ አይታወቅም። የሚታወቀው በቋጠሮው ነው። ይኸው፤ ሦስት ጊዜ ጠምጥሞ ጫፉን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። እንዲህ አድርጎ የሚቋጥር ሌላ ሰው አልተገኘም። ቋጠሮው የሚውለው ከግራ ጆሮ ሥር ነው። በስቅላቱ ዋዜማ እስር ቤት ይመጣና በሲባጎ አንገታቸውን ይለካል።» አስጎብኚዋ ትንሽ ፈገግ አለች። «አፈ ነበልባል መቼም ቀልድ አይለቀውም። ሲለካው፣ ‹ሸሚዝ ልትሰፋልኝ ነው እንዴ?› አለው ይባላል። ያም ‹አዎ› አለው። ‹እንግዲያው እግዜር ይስጥልኝ› ብሎ አመሰገነው።»

የሰፊዋ እጅ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ሲባጎው ላይ ነበር። ማየት አላስፈለጋትም፤ ጣቶቿ ቆጠሩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ከዚያ ወደ ውስጥ።

«ይሄ ሁልጊዜ ልቤን ይሰብረዋል» አለች አስጎብኚዋ። «የእናንተን ታሪክ ስሰማ ግን ደስ አለኝ። እውነተኛ ሰፊም ነበረው ማለት ነው። ቢያንስ አንድ ሰው አንገቱን በደግ እጅ ለክቶታል።» ቁልፍ ከኪሷ አወጣች። «መስታወቱን ልክፈትልዎት? መለኪያ ይዘው መጥተዋል አይደል?»

«ረስቼዋለሁ» አለች ሰፊዋ።

ወደ ቤት ስትመለስ ዝናቡን አላወቀችውም። ቋጠሮ ከቋጠሮ ሊመሳሰል ይችላል፣ ስንት ሰው ይቋጥራል፣ እያለች ከራሷ ጋር ተከራከረች። ግራ ጆሮ ላይ ስትደርስ ክርክሩ ያልቃል። «አመስግኖኛል» የሚለው ላይ ስትደርስ ደግሞ መቆሚያ አጣች። ቅድመ አያትየው አልዋሸም። ያደረገውን ራቁቱን ተናግሮ ሞተ። ልብስ ያለበሱት ልጆቹ ናቸው።

ለአባቷ አልነግረውም አለች። አንድ ሸሚዝ ነው። ሰፍቶ፣ ጽሑፉን አይቶ፣ መኪናውን ከድኖ፣ በኩራቱ ይሂድ። እኔ ተሸክሜው እኖራለሁ።

ፀጉር አስተካካዩ መጥረጊያውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «እህስ! ዘመዳችን እንዴት ሰነበቱ? ሰላምታዬን አደረስሽልኝ?»

«ደህና ነው» አለችና አለፈች። እሱም የሚቀጥለው ቀልድ አፉ ውስጥ ቀረበት።

አባቷ ጥሩ ኮቱን ለብሶ ጠበቃት፤ እንግዳ የሚመጣ ይመስል። ሙዚየሙ የሰጣቸውን ነጭ ጨርቅ ተኩሶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። ጠመኔውንም ቀርጿል።

«እህ? አየሽው?»

«አየሁት አባባ።»

«የቆመ ነው የተኛ?»

«የቆመ» አለች፤ ካፏ የወጣውን የመጀመሪያውን።

«አላልኩሽም! የሚናገር ሰው አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ የተኛ ኮሌታ ምን ይሠራለታል?» ጉንጩ ቀላ። «ልኩስ?»

«ጨርቁ አርጅቷል፤ አትንኪ አሉኝ።»

«ግዴለም። ቀጭን ነበር ይባላል፤ አንቺም ቀጭን ነሽ። ባንቺ እንጀምርና እናሰፋዋለን። በይ ሲባጎውን።»

ሰጠችው። ከኋላዋ ቆመ። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ስትቆምለት ኖራለች፤ አዲስ ቅድ ሲሞክር፣ ደንበኛ ሲዘገይ፣ አንዳንዴም ለጨዋታ። እንደ እንጨት ቁሚ አለች ለራሷ። እንደ ወትሮሽ።

ቋጠሮው ከግራ ጆሮዋ ሥር አረፈ። ትከሻዋ ሳታዘው ወደ ላይ ተሳበ፤ እጇ ሳታዘው ተነሥቶ በሲባጎውና በጉሮሮዋ መሀል ገባ።

ካውያው ጥግ ላይ ሆኖ ሲቀዘቅዝ ቀጭ ቀጭ ይላል።

«በረደሽ?»

«አዎ፣ በረደኝ።»

ሲባጎውን አላጠበቀውም፤ አላነሳውምም። «ስንቱን አንገት ለካሁ» አለ ቀስ ብሎ። «የሚኮረኮረውን አውቃለሁ። የሚበርደውንም አውቃለሁ። ይሄ ፍርሃት ነው። ምን አየሽ?»

«ምንም አባባ።»

«ሰውነትሽ ነግሮኛል እኮ። አፍሽ ብቻ ነው የቀረው።»

ነገረችው። ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች፣ ኮሌታ ስለሌለው ሸሚዝ፣ ስለ ገመዱ፣ በእስር ቤት ስለተባለው ቀልድና ስለ ምስጋናው ነገረችው። እርግጠኛ ነሽ ወይ አላላትም። የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጫፉ ወደ ውስጥ ነው?»

«ወደ ውስጥ ነው።»

ሲባጎው ከትከሻዋ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። አባቷ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ደረቱ ያፏጫል። በግድግዳው ማዶ ፀጉር አስተካካዩ ከአንድ ደንበኛ ጋር ይስቃል።

«አባቴ ሊሞት ሲል፣ ‹ከፊት ጀምር፣ ልጄ፣ ከፊት ጀምር› ይለኝ ነበር» አለ። «ትኩሳቱ ነው ብዬ ውሃ አጠጣሁት።»

አጠገቡ ተንበረከከች። «ለማንም አልናገርም። ጨርቁን እንመልስላቸው። አሞኛል በላቸው፤ ውሸት አይደለም።»

«ሲጠይቁኝ ስንት ሠርግ ላይ ነው ያወራሁት» አለ እሷን ሳይሰማ። «‹ዘመዴ ነው› እያልኩ። ገመድ ነው እያልኩ።» ሊስቅ ነበር መሰል፤ ሳሉ ቀደመው። ጀርባውን ደገፈችው። ሳሉ ሲያልፍ ዓይኑ ነጩ ጨርቅ ላይ ነበር።

«አንመልስም።»

«አባባ...»

«ሸሚዝ እሰፋልሃለሁ ብሎታል እኮ። ሰውየው አምኖት ይሁን እያሾፈበት እንጃ፤ አመስግኗል። የተመሰገኑበትን ሥራ ሳይሠሩ መቅረት...» ቃሉን አልጨረሰውም። «ጽሑፉ ግን አይለጠፍ። ‹ሰፊ ሰፋው› ይበሉ። ለምን ቢሉሽ፣ ቤተ ዘመድ አጣርቶ ዝምድና የለንም አለ በያቸው።»

ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ። ወለሉ ላይ ያለውን ሲባጎ ዞሮት አለፈ፤ እንደ ሕያው ነገር ነበር የዞረው። ከትከሻው ላይ ሜትሩን አወረደና ፊት ለፊቷ ቆመ። ሜትሩን በሁለት እጁ መሀል ዘረጋው። አንገቷን አየ፤ ጉሮሮዋን፣ አጥንቷን፣ ትከሻዋን። ዕድሜ ልኩን የሠራበትን ቦታ እንደ ባዕድ አገር አየው።

«ከየት ነው የሚጀመረው?» አላት።

እጁን ይዛ ከጉሮሮዋ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ላይ አኖረችው። ጣቱ ቀዝቃዛ ነበር። ሜትሩን ቀስ አድርጎ አዞረው፤ ተጣመመበት፤ እንደገና አዞረው። ቁጥሩን ለማንበብ ጎንበስ ሲል የትንፋሹን ፉጨት ሰማችው።

«ጠበቀሽ?»

ይህን ጥያቄ ከአፉ ሰምታው አታውቅም።

«አልጠበቀኝም» አለች።

ከጣቱ ሥር ግን የአንገቷ ሥር እየዘለለ ይመታ ነበር፤ እሱም ተሰምቶት፣ ሜትሩን ላላ አደረገላት።