የወይዘሮ ብርሃነሽ የክርስትና ስም

«ባዶ ነው» አለ ምስክር፤ ስልኩን ግን ከዓይኑ አላራቀውም።

እየሩስ ጥቁር ነጠላዋን አገልድማ ከልቅሶው ድንኳን ጀርባ አጠገቡ ቆማለች። እናቷ ወይዘሮ ብርሃነሽ ከተቀበሩ ዛሬ ሣልስታቸው ነው።

«ባዶ ማለት? ወንድሜ ዝናቡ ከጅዳ የላከውስ? የነርስነት ትምህርቴ እኮ ነው ጋሽ ምስክር! ምዝገባው ደርሷል።»

«ወጥቷል።»

«ማን አወጣው? እማዬ ከመቃብር ተነሥታ?»

በሰቆጣ ስለ ዲጂታል ሳንቲም የሚያወራ ሰው ከተፈለገ ምስክር ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኖ ይሠራል። ደመወዙን የሚበላው ኢንተርኔት ነው፤ ኮዱን ማንም ከፍቶ ሊያየው የማይችል ፕሮግራም ስልኩ ላይ አይጭንም፤ ሻይ ቤት ከገባም «ምስጢራችሁን ጠብቁ» ሳይል አይወጣም። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ዝናቡ በባንክ መላክ ሲቸግረው ያ ሁሉ ወሬ ለቁም ነገር በቃ። በእናቱ በወይዘሮ ብርሃነሽ ስልክ ላይ ሳንቲሙ የሚቀመጥበት ዲጂታል ቦርሳ የከፈተላቸው ምስክር ነው።

«ለመክፈቻው እርስዎ ብቻ የሚያውቁት ቃል ይንገሩኝ» ቢላቸው፣ ሴትዮዋ ትንሽ አሰብ አድርገው ጆሮው ሥር የክርስትና ስማቸውን አንሾካሾኩለት። ምስክር በደስታ ሊፈነዳ! መተተኛ እንዳይሰማው ከጎረቤት እንኳ ተደብቆ የኖረ ስም፤ ከዚህ የበለጠ ምስጢር ከየት ይመጣል? ከዚያ ወዲያ ያገኘውን ሰው ሁሉ «የክርስትና ስምህን አድርገው» እያለ ሲመክር ከረመ።

አንድ ነገር ግን ዘነጋ። ያ ስም ሰው ሲሞት ይጠራል። ፍትሐቱ ላይ አባ ኪዳኑ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ወለተ ሰንበት» ሲሉ ለቀስተኛው በሙሉ ሰምቷል። ምስክርም እዚያው ነበረ፤ እያለቀሰ ስለነበር ምንም አልታሰበው።

የሳንቲሙ መዝገብ ለዓለም ክፍት ስለሆነ፣ ከየት ወጥቶ የት እንደገባ ማንም ያየዋል። የወጣው በቀብሩ ዕለት፣ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ እጁን በሚታጠብበት ሰዓት ነው። የገባበትን ቦርሳ ምስክር ገና ሲያየው ዐወቀው። ለሙከራ ብሎ የመጀመሪያዋን ሳንቲም የላከለት ሰው ቦርሳ ነበር፤ የደግሰው።

ደግሰው ስልክ ጠጋኝ ነው፤ የምስክር አብሮ አደግ፣ የምስክር አባት የክርስትና ልጅ። በቀብሩ ዕለት አበርገሌ ላሉ ዘመዶች እንዲደውል ብለው የሟቿን ስልክ በእጁ ሲሰጡት ማንም ክፉ አልጠረጠረም። አሁን ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጦ ንፍሮ ይቅማል። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። ምስክርን ከሁሉ በላይ ያቅለሸለሸው ይኸው ነው፤ ልቅሶው የውሸት አልነበረም።

እየሩስን እዚያው አቆይቶ ደግሰውን በእጁ ጠቅሶ ወደ ውጭ አስወጣው።

«አንተ ነህ የወሰድከው።»

ደግሰው አልካደም። ያፈሰውን ንፍሮ እያላመጠ ፈገግ አለ። «ቁልፉን የያዘ እሱ ባለቤቱ ነው እያልክ ያስተማርከን አንተ አይደለህ እንዴ?»

«አፈሩ ሳይደርቅ?»

«ስም ሰማሁ፣ ሞከርኩ፣ ተከፈተ። ዝናቡ እንደሆነ ሌላ ይልካል።»

ምስክርን የገዛ ቃሉ ከዚያ አፍ ከንፍሮ ጋር ታኝኮ ሲወጣ ምራቁን እንኳ መዋጥ አስጠላው።

«አሁኑኑ ለእየሩስ መልስ!»

«ባልመልስስ? ትናገራለህ?» ደግሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተናገራ። የሴትዮዋን የክርስትና ስም ስልክ ውስጥ የከተተው ማነው ሲባል ማን ሊባል ነው? የስንቱን ስም አስከትተሃል? ካህናቱ ምን የሚሉህ ይመስልሃል? በዚህ አገር ሰላም የሚልህ አታገኝም ወንድሜ።»

ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጎት ወደ ድንኳኑ ተመለሰ።

የደግሰው ስልክ ጓዳ ውስጥ ቻርጅ ላይ ነበር። ምስክር ገብቶ ነቀለው። ቦርሳው የይለፍ ቃል ጠየቀ። ያንንም ያውቀዋል፤ አባቱ ክርስትና ያነሡት ልጅ ስም እንዴት ይጠፋዋል? «ገብረ» ብሎ ጻፈ። «አምላክ» ብቻ ነበር የቀረው። ከዚያ ገንዘቡ ለእየሩስ ይመለሳል፤ ማንም ምንም አይሰማም፤ የእሱም ስም አይነሣም፤ ነገም ሻይ ቤት ገብቶ ስለ ምስጢር ይሰብካል።

የራሱን ጣት ተጸየፈው። ማንም በማያይበት ጓዳ፣ በሰው ስም፤ ደግሰው ያደረገው ሌላ ምን ነበር? ያን ሁሉ ምክሩን የሰሙ ሰዎችስ? የእነሱም ስም አንድ ቀን በፍትሐት ይጠራል። የጻፈውን አጠፋና ስልኩን ይዞ ወጣ።

«ተከተይኝ» አላት እየሩስን።

ድንኳኑ ውስጥ ከአበርገሌ የመጡ ሴቶች በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ሙሾ ያወርዱ ነበር። እስኪጨርሱ ቆሞ ጠበቀ።

«አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። የክርስትና ስማችሁን ስልክ ላይ መክፈቻ አድርጉት ያልኳችሁ እኔ ነኝ። የእማማ ብርሃነሽንም በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስማቸው ፍትሐት ላይ ሲጠራ የሰማ ሰው የልጃቸውን ገንዘብ ወስዶበታል። እናንተም ዛሬውኑ ቀይሩት።»

አባ ኪዳኑ ቀስ ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ስሟን ስልክ ላይ ጻፍከው?» አሉ፤ ፊታቸው ጠቁሯል።

«አዎ፣ አባቴ። ለቅጣቱ አለሁ።»

ከፊት የተቀመጡት ሴት እግራቸውን ከእሱ ሸሸት አደረጉ። ምስክር አየ፤ ግን አልቆመም። በሽማግሌዎቹ መካከል አልፎ ሄደና ስልኩን ደግሰው ጉልበት ላይ፣ ከንፍሮው አጠገብ አስቀመጠው።

«ክፈተው» አለው፤ «ሁሉም እያየ።»