የዓርብ መርፌ

ኡምሀኒ ብልቃጡ ላይ የቀረውን ጽሑፍ ያየችው መርፌውን ከልጇ ዳሌ ከነቀለች በኋላ ነበር። ኢርፋን ሁልጊዜ ወረቀቱን ልጦ ነበር የሚሰጣት፤ ዛሬ ግማሹ ቀርቷል። አሥረኛ ክፍል ደርሳለችና የእንግሊዝኛውን ፊደል ለቃቅማ አነበበችው። ቴስቶስትሮን ይላል።

"ቪታሚን ነው አላልኸኝም?"

"ጡንቻ የሚያወጣ ነው እማ። ጂም ቤት ያልወሰደ የለም።" ሱሪውን እየታጠቀ ሳቀ። "ደግሞ እንዳንቺ እጀ ቀሊል የለም።"

መውጋት የለመደችው ቡሬ ገበያ ልትሸጣቸው በምታደልባቸው በሬዎች ነው። ሦስት ወር ሙሉ በየዓርቡ የሃያ አራት ዓመት ልጇን ወግታ፣ ልክ እንደ በሬ ትከሻውን ጨበጥ እያደረገች "ሥጋ ያዘልህ" ስትለው ቆይታለች። የሠርጉ ኒካህ አንድ ወር ቀርቶታል።

ብልቃጡን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ መድኃኒት ቤት ሄደች። ሊያገባ የደረሰው ልጇ የሚወስደው መሆኑን ስትነግረው ባለቤቱ ስመኘው አገላብጦ አየው።

"ሆርሞን ነው እትዬ ኡምሀኒ። የጡንቻው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ፕሮቲን በብዛት እንዲሠራ ያደርገዋል፤ በዚህ ነው የሚወፍረው። ችግሩ፣ ሰውነት ከውጭ ሲመጣለት የራሱን መሥራት ይተዋል። የወንዱ ዘርም ይቀንሳል።"

"አይወልድም በለኛ!"

"ኧረ እንደዚያ አላልሁም። ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ እንደ መጠኑ ነው። ስንት ይወስዳል?"

"ግማሽ ሲሪንጅ።"

"ማን ነው የሚወጋው?"

"እኔ እንጃ። ጓደኞቹ መሰሉኝ።"

"ግማሽ ከሆነ አሁኑኑ ያቁም፤ ከሠርጉ በኋላ ይመረመራል።"

ወጣች። ኢርፋን ግማሽ ማለቱ እውነት ነው። እሷ ግን ለከሳ በሬ ቪታሚኑን ጨመር እንደምታደርገው፣ ልጁ ጀርባውን ሲያዞርላት ሙሉውን ስትስብ ነበር። ለኒካሁ ሞላ እንዲልላት። ይህን ከአላህና ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

መንገድ ላይ የሙሽራይቱ እናት ዓቢዳ አገኘቻት።

"ሙሽራችን እንዴት ነው? ለዚያ ትከሻ የሚሆን ሱፍ ከየት ልናመጣ ነው?" ብላ ሳቀች።

ኡምሀኒ መሬት መሬቱን እያየች "ደኅና ነው" አለች። ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። ቤት ስትደርስ ሻሿን እንኳ አላወለቀችም።

"ተነሥ፣ ጫማህን አድርግ።"

"ወዴት ነው እማ?"

"ተከተለኝ ብዬሃለሁ።"

ሲደርሱ ስመኘው ሊዘጋ መብራቱን እያጠፋ ነበር። "ለነገ ቢያደርጉት..." አላቸው።

"ነገ አይሆንም። ግማሽ ያልሁህ ውሸቴን ነው። ሙሉ ነበር። የወጋሁትም እኔው ነኝ።"

"እማ?" አላት ኢርፋን።

ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። ስመኘው ሁለቱንም ወደ ውስጥ አስገባና፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ በሩን ከውስጥ ቆለፈው።